አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ሰውን የምንጠራበት ቃልና የክርስቲያን ኅሊና

እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደሩ። በአማርኛ ሰላምታ ለመስጠት ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሰላም ሲል ያ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ኦሮምኛም «አቲ» ሲል ለወንዱም ለሴቷም ነው። ዐረብኛ ደግሞ እንደ አማርኛ «ኢንተ» እና «ኢንቲ» ብሎ ይለያል። እነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች በሚሰሙበት በአሶሳ ገበያ፣ አማርኛ ገና የሚለማመድ ጎረቤታችን ሻጯን «አንተ፣ ቲማቲም ስንት ነው?» ሲላት ሰምተን ያልሳቅን ጥቂቶች ነን። ሰውየው የተደናቀፈው የእርሱ ቋንቋ የማይጠይቀውን ነገር የእኛ ቋንቋ ስለጠየቀው ነው። እኛ አንድን ሰው ከማናገራችን በፊት «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥተን ጨርሰናል፤ መስጠታችንንም አናስተውለውም።

ታዲያ «ሁለቱንም አይደለሁም» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ምን እንላለን? ዝም እንላለን? እንሳደባለን? ወይስ ያለውን እንለዋለን? ይህ የሩቅ ሀገር ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን በወጣቶች ክፍላችን ውስጥ የተነሣው ከስልክ ላይ ነው። የእንግሊዝ ድምፃዊ ሳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2019 የወንድም የሴትም ተውላጠ ስም ትተው «ዜይ» ተብለው እንዲጠሩ መጠየቃቸውን ያነበበ ወጣት ነበረ። «ዜይ» በእንግሊዝኛ «እነርሱ» ማለት ነው። ወጣቱ «አንድ ሰው እንዴት እነርሱ ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት እኅት ደግሞ «እኛስ አያታችንን መጡ፣ በሉ፣ ተኙ እንል የለ?» ብላ መለሰችለት። ክፍሉ ሳቀ። ነገሩ ግን በሳቅ የሚያልቅ አይደለም።

የቴይለር ማክ መድረክ

ጥያቄውን በደንብ ለማየት ከሳም ስሚዝ ይልቅ የሚጠቅመን የአሜሪካዊው የመድረክ ሰው የቴይለር ማክ ታሪክ ነው። ማክ እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ተወልደው በዚያው ክፍለ ግዛት በስቶክተን ከተማ አደጉ። ተውኔት ይጽፋሉ፣ ይተውናሉ፣ ያዜማሉ። ራሳቸውን በእንግሊዝኛ «ጄንደርክዊር» ከሚባሉት፣ ማለትም «ወንድ» ወይም «ሴት» በሚለው አንድ ምድብ ውስጥ ተጠቃልለው መቀመጥ ከማይፈልጉት ሰዎች ይቆጥራሉ።

በይበልጥ የሚታወቁበት ሥራ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ያቀረቡት ነው። የአሜሪካን ታሪክ ከ1776 እስከ 2016 በ24 አሥርታት ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት አንድ ሰዓት ሰጥተው፣ በየዘመኑ ሕዝቡ ያዜማቸውን 246 ዜማዎች ለ24 ሰዓታት ያህል አቀረቡ። ሲጀምሩ 24 ሙዚቀኞች ነበሩ፤ በየሰዓቱ አንድ አንድ እየወጣ በመጨረሻ ማክ ብቻቸውን መድረኩ ላይ ቀሩ። ልብሳቸው በየሰዓቱ ይለወጥ ነበር። ሥራው በ2017 ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባ፤ በዚያው ዓመት የማክአርተር ሽልማትም ተሰጣቸው።

የሥራው መነሻ አሳዛኝ ነው። ማክ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በሳን ፍራንሲስኮ ኤድስን ለመዋጋት በተደረገ የእግር ጉዞ ላይ ተገኝተው ነበር። በዚያ ያዩት በሞት እየተመናመነ በአንድነት የሚራመድ ሕዝብ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙዚቀኞቹን አንድ በአንድ ከመድረክ ያስወጧቸው በዚያ ትዝታ ነው። ኤድስ የገባበት ቤት በእኛም ሀገር ምን ይባል እንደነበር፣ ስንቱ ቤተሰብ በር ተዘግቶበት እንዳለቀሰ የሚያስታውሱ ወላጆች አሏችሁ፤ ጠይቋቸው።

ለጥያቄያችን ዋናው ግን ማክ የመረጡት ተውላጠ ስም ነው። «እርሱ» ወይም «እርሷ» በመባል ፈንታ «ጁዲ» እንዲባሉ ይፈልጋሉ። ጁዲ በእንግሊዝኛ የሴት ስም ነው፤ ማክ ግን በትንሹ ፊደል እያስጻፉ ተውላጠ ስም አደረጉት። ቃሉ ጨዋታ አለበት፤ እርሳቸው ግን በቁም ነገር የመረጡት ነው። የሚናገረው ሰው ቆም ብሎ «አሁን ምን ልል ነው?» እንዲል ያስገድደዋል።

የማክን ሥራ ለወጣቶቻችን መዝናኛ አድርጌ የማቀርብ አይደለሁም፤ በመድረካቸው ላይ ከምናምነው ጋር የሚጋጭ ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን እስካሁን ያነበባችሁትን አስተውሉ። «ተወለዱ»፣ «አደጉ»፣ «አቀረቡ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ስለ እርሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አማርኛ ምርጫ አስገደደኝ፤ የአክብሮቱን መረጥኩ። ትክክል ነው? ለመመለስ ወደ ራሳችን መድረክ እንምጣ።

የእኛ መድረክ

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ይተውኑ ነበር። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝም የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በአዲስ አበባ ይህ መለወጥ የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። ክራር ደርዳሪዋና ድምፃዊቷ አስናቀች ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1952 መድረክ ላይ ስትወጣ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆነች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ብዙዎች በክብር አሰቧት። በወጣትነቷ ዘመን ግን መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ክብሯን እንደጣለች ትቆጠር ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለውም ቃል ከሙያ ስምነቱ ይልቅ ለስድብ ይውል ነበር።

ይህን ታሪክ ሳስበው አንድ ነገር ይገርመኛል። ቀሚስ ለብሶ «እኔ ሴት ነኝ» ብሎ የተወነውን ወንድ ተመልካቹ «ዋሸ» አላለውም፤ አጨበጨበለት። በራሷ ቀሚስ፣ በራሷ ድምፅ የወጣችው ሴት ግን ስድብ ጠበቃት። ስለዚህ ሰው በመድረክ ላይ ስለሚያየው ነገር ሲቆጣ ሁልጊዜ ስለ እውነት ተቆርቁሮ ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዴ የሚያስቆጣን የለመድነው ሥርዓት መነካቱ ነው፤ ሥርዓቱ ራሱ ትክክል ይሁን ስሕተት ገና አልመረመርንም።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይወስደንም። የሀገር ፍቅሩ ተዋናይ መጋረጃው ሲወርድ ቀሚሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሚስቱም «አንተ» ትለዋለች። ማክ የሚጠይቁት መጋረጃው ከወረደ በኋላም ነው። መድረክ ላይ ያለውን ሁሉም ይረዳዋል፤ የሚያከራክረው ከመድረክ ውጭ፣ በሰላምታና በቡና ላይ የምንለው ነው። ይህን ደግሞ በክልላችን ከመድረክም በላይ የሚያስተምረን ሌላ ታሪክ አለ።

ስም የተጫነበት ምድር

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምንኖር ሰዎች ሌላው በሰጠህ ስም መጠራት ምን እንደሆነ ከብዙዎች ይልቅ እናውቃለን። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ የየራሳቸው ስምና ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። ለብዙ ዘመን ግን ከደጋው የመጣው ሰው ሁሉንም በአንድ የንቀት ቃል ይጠራቸው ነበር። ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ያ ቃል በዚህ ምድር የባሪያ ፈንጋዩ ቃል ነበር። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እናቱን እንደሚጠራ አይናገርም፤ ሊሸጥ የሚችል መሆኑን ብቻ ይናገራል።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን ከለከለ። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ሕዝቦቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም በይፋ የተጠሩት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ ዛሬ የክልሉ ሕገ መንግሥት አምስቱንም በስማቸው ይጠራቸዋል። ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ በኋላ ሰዎቹ ያው ነበሩ። ጎረቤት በጎረቤቱ ፊት የሚቆምበት መንገድ ግን ተለወጠ። ስሙ ሲመለስለት ሰውየው ቀና አለ።

እዚህ ላይ «የሕዝብ ስምና የጾታ ተውላጠ ስም አንድ ነው ወይ?» የሚል ወጣት እንደሚኖር አውቃለሁ። አንድ አይደለም። የጉሙዝ ሰው «ጉሙዝ ነኝ» ሲል ማንም የሚያየውን እውነት ነው የሚናገረው። «ወንድም ሴትም አይደለሁም» የሚል ሰው ግን ብዙዎቻችን የማንቀበለውን ነገር ይናገራል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። በሁለቱም ዘንድ በአንድ ሰው ላይ የምንወረውረው ቃል ያን ሰው ያቆመዋል ወይም ያጎብጠዋል። ቃሉ ስለ እርሱ እውነት መናገሩን ከመጠየቃችን በፊት ቃሉ ምን እየሠራበት እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ወንድሙን በንቀት ቃል የሚጠራ ሰው በፍርድ ፊት እንደሚቆም ሲያስተምር (ማቴዎስ 5፥22) «ቃሉ ትክክል ከሆነ ችግር የለውም» የሚል ቀዳዳ አልተወልንም።

እውነትስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደፈጠረ እናምናለን (ዘፍጥረት 1፥27)። እኔም ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ይህን እምነት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አልሸጥኩትም። ታዲያ አንድን ሰው ባልተቀበልነው ተውላጠ ስም መጥራት ውሸት አይሆንም? አንድ ሰው «ንጉሥ ነኝ» ቢል «ንጉሥ ሆይ» ልንለው ነው? ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ በእርጋታ ሊመለስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ዳንኤልንና ጓደኞቹን እናስብ። በባቢሎን ቤተ መንግሥት የጃንደረቦቹ አለቃ አዲስ ስም ሰጣቸው (ዳንኤል 1፥7)። ዳንኤል ብልጣሶር ተባለ፤ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያም ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ተባሉ። ስሞቹ ባዕድ ነበሩ። ዳንኤል የንጉሡን ምግብ እምቢ አለ፤ ጓደኞቹ ለምስሉ መስገድን እምቢ አሉ፤ ጸሎትን የሚከለክለውን አዋጅም ዳንኤል አልተቀበለም። በስሙ ጉዳይ ግን ሲጣሉ አናነብም። መጽሐፍ ቅዱስም ራሱ ሦስቱን ጓደኛሞች በእሳቱ ውስጥ በባቢሎን ስማቸው ይጠራቸዋል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን የሚያውቋቸውም በዚያው ነው። የአምልኮ መስመር የት እንደሚያልፍ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ያንን መስመር በመጠሪያ ላይ አላሰመሩትም። ይህ ሁሉንም ጥያቄ አይዘጋም፤ ዳንኤል ስም የተጫነበት እንጂ የመረጠ አይደለምና። ነገር ግን መጠሪያን መጠቀምና እምነትን መመስከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳየናል።

ሁለተኛ፣ አማርኛችን ራሱ «አንተ» እና «አንቺ»ን ስለ አካል መረጃ ለመስጠት ብቻ አይጠቀምም። እናት ትንሽ ወንድ ልጇን ስታቆላምጠው «አንቺ» ትለዋለች፤ ልጃገረዶች በፍቅር ሲጨዋወቱ አንዷ ሌላዋን «አንተ» ትላታለች። ትንሿን ቤት «ቤቷ» እንላለን፤ ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ገባች እንላለን። ማንም ዋሻችሁ አይለንም። በሌላ በኩል ደግሞ ያው «አንቺ» የሚለው ቃል ጎልማሳ ወንድን ለማዋረድ ሲወረወር ደም ያፋስሳል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ከእርሱ ጋር የሚሄደው ልብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ጸሎታችን ነው። የወረዳውን አስተዳዳሪ፣ የማናውቀውን ሽማግሌ፣ የሐኪም ቤቱን ዶክተር «እርስዎ» እንላለን። ሰማይንና ምድርን የፈጠረውን አምላክ ግን «አንተ» እንለዋለን። ከአስተዳዳሪው አንሶ ነው? አይደለም። እግዚአብሔርም በባሕርዩ መንፈስ እንጂ ወንድ እንዳልሆነ ሁሉም የነገረ መለኮት ተማሪ ያውቃል። «አንተ» የምንለው ልጆች አባታቸውን እንደሚጠሩት ነው። እንግዲህ የምንጠራበት ቃል በዋናነት የሚናገረው በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ለአንድ ሰው የምንመርጠው መጠሪያ ስለ አካሉ የምንሰጠው ምስክርነት ከመሆኑ በፊት «ከአንተ ጋር በምን ዓይነት መንገድ ልቁም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ «ንጉሥ ሆይ»። ንጉሥ ነኝ ለሚል ሰው «ንጉሥ ሆይ» ብል ሌሎችን እንዲገዛ ሥልጣን እሰጠዋለሁ፤ ጎረቤቱ ይጎዳል። «እርሱ አትበሉኝ» የሚለኝ ሰው ግን በማንም ላይ ሥልጣን አይጠይቅም። የሚጠይቀው በእኔ አፍ ውስጥ ስላለው ስለ ራሱ መጠሪያ ነው። ይህንን እሺ ማለት አለብኝ ወይስ የለብኝም የሚለው አሁንም ሊያከራክር ይችላል፤ ክርክሩ ግን ስለ ዙፋን አይደለም።

ዘዳግም 22፥5ን የሚያነሣ ወጣትም ይኖራል። ጥቅሱ ወንድ የሴትን፣ ሴት የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ይናገራል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚተረጎምበትም መንገድ የተለያየ ነው። እንዴትም ብንተረጉመው ግን ሰው ላይ መሳለቅን የሚፈቅድ አንድም ቃል የለበትም። ያዕቆብ ደግሞ በአንዱ ምላስ እግዚአብሔርን መባረክና በእርሱ መልክ የተፈጠረውን ሰው መርገም ሊሆን የማይገባው እንደሆነ ያስተምረናል (ያዕቆብ 3፥9-10)።

ጃንደረባውና ፊልጶስ

ወጣቶች ሆይ፣ ሀገራችን በሐዋርያት ሥራ ውስጥ በመነሣቷ እንኮራለን። ያ የኢትዮጵያ ሰው ማን እንደነበረ ግን ዘንግተን እናልፋለን። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ነበር፤ ህንደኬ መርዌ የነገሡ የኩሽ ንግሥታት ማዕረግ ነው። መርዌ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። በጉባ የሕዳሴውን ግድብ አልፎ ሱዳን የሚገባው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ በመርዌ ፍርስራሽ አጠገብ ያልፋል። ያ ሰው የወንዛችን ልጅ ነው። ጃንደረባም ነበር።

ጃንደረባ በዘመኑ እንደ ወንዶቹ አይቆጠርም፤ ከሴቶቹም ወገን አይደለም። የአባትነት ስም አይኖረውም። ሕጉም እንደ እርሱ ያለውን ሰው ከጉባኤው ውጭ አድርጎታል (ዘዳግም 23፥1)። ያም ሆኖ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። የሚያነበው ስለ ተናቀውና ስለ ታረደው በግ የሚናገረውን ምዕራፍ 53ን ነው፤ ጥቅልሉን ትንሽ ቢገፋው ደግሞ ምዕራፍ 56 ላይ ይደርሳል። በዚያ እግዚአብሔር ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ስም የሚሻል ስም እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ለወንዱም ለሴቷም ከተመደበው ስም የሚሻል ስም! ጌታ ኢየሱስም ስለ ጃንደረቦች ሲናገር ከማኅፀን ጀምሮ እንዲሁ የተወለዱ እንዳሉ፣ ሰዎች ያደረጓቸው እንዳሉ፣ ስለ መንግሥተ ሰማይ ራሳቸውን እንዲያ ያደረጉ እንዳሉ በቁም ነገር ለይቶ አስተምሯል (ማቴዎስ 19፥12)፤ አላፌዘባቸውም።

ጃንደረባውና ቴይለር ማክ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንዱ በአካሉ ላይ የደረሰበት ነገር አለ፤ ሌላው ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ነገር አለ። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በጉባኤው ሁለት መዝገቦች ውስጥ ቦታ ያልተገኘላቸው፣ ሰው ዞሮ የሚያያቸው መሆናቸው ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ደግሞ ፊልጶስ ምን እንዳደረገ ማየት ነው። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። መጀመሪያ የተናገረው ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ነበር፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ሲጋበዝ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰውየው ከነበረበት ጥቅስ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ውኃ ዘንድ ሲደርሱ ጃንደረባው እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር እንዳለ ጠየቀ፤ ፊልጶስ ዘዳግምን አላነሣበትም። ሉቃስ ይህን ሰው ሲያስተዋውቀን ማዕረጉንም ጃንደረባነቱንም ይጠቅሳል፤ ከሁሉ ጋር ግን «ሰው» ይለዋል። እኛ ክርክሩን ከመጀመራችን በፊት ይህን ቃል ማስቀደም አለብን።

በእኛ ግቢ ውስጥ

ማክ ወደ አሶሳ ይመጣሉ ብዬ አልጠብቅም። ነገር ግን በየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ድምፁ ቀጭን የሆነ፣ አካሄዱ ከእኩዮቹ የተለየ ወንድ ልጅ አለ። ፀጉሯን አሳጥራ ከወንዶች ጋር ኳስ የምትጫወት ልጅ አለች። እነዚህ ልጆች «ጄንደርክዊር» የሚለውን ቃል ሰምተውት አያውቁም፤ ስለ ራሳቸውም ምንም አላሉም። እኛ ግን «ሴታሴት»፣ «ወንዳወንድ» የሚል ስም አውጥተንላቸዋል። ከልምምድ ሲቀሩ ደግሞ «መንፈሳዊነቱ ቀዝቅዟል» እንላለን። ስለ ተውላጠ ስም ያለን ክርክር እዚህ ልጅ ላይ ካልደረሰ የስልክ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ እነዚህ ቃላት ከግቢያችን ይውጡ። ለዚህ ምንም የነገረ መለኮት ክርክር አያስፈልግም።

ሁለተኛው፣ ራሱን ከወንድም ከሴትም ውጭ የሚያይ ሰው በእርግጥ ሲያጋጥመን ነው፤ በትምህርት፣ በሥራ ወይም በስደት ወደ ሌላ ሀገር የምትሄዱ ብዙዎቻችሁ ታገኟቸዋላችሁ። በአማርኛ ከሆነ ቋንቋችን የሰጠን ስጦታ አለ። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ወንድና ሴትን አይለዩም። «መጡ» ሲባል የመጡት አባባ ይሁኑ እማማ ከግሡ አይታወቅም። እንግሊዝኛ «ዜይ»ን ለአንድ ሰው ሲጠቀም ብዙዎችን ያስጨነቀው ነገር ለእኛ በየቀኑ የምንናገረው ነው። አማርኛ ሰውን ሲያከብር የብዙ ቁጥር ግሥ ይሰጠዋል፤ ያኔ «ወንድ ነው ሴት?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ኅሊናው ሌላ ተውላጠ ስም ለመናገር የማይፈቅድለት ወንድም በ«እርስዎ» ሳይዋሽ ማክበር ይችላል፤ የሚጠራውም ሰው ሳይዋረድ ይመልሳል። እኔ ስለ ማክ ስጽፍ የመረጥኩት ይህንን ነው፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

ይሁንና «እርስዎ» ሁሉን አይፈታም። በእኩዮች መካከል «እርስዎ» የሩቅ ቃል ነው። የ18 ዓመት ወጣት ጓደኞቹ እርስ በርሳቸው «አንተ» እየተባባሉ እርሱን ብቻ «እርስዎ» ቢሉት ክብር አይሆንለትም፤ ሌላ ዓይነት ማግለል ወይም ፌዝ ይመስለዋል። አማርኛ እዚህ ላይ ይጠበናል፤ በስሙ ብንጠራው እንኳን ግሡ ተከትሎ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የሚቀረን ፊልጶስ ያደረገው ነው። ሮጦ መድረስ፣ አጠገብ መቀመጥ፣ «ምን ብዬ ልጥራህ? ምን ብዬ ልጥራሽ?» ከማለት በፊት ስሙን መጠየቅ፣ መልሱን መስማት። የምንሰማው መልስ ከምናምነው ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ያኔ የምናምነውን በጊዜውና በቦታው በፍቅር እንናገራለን። ነገር ግን በሰላምታው ላይ የተሰደበ ሰው ስብከታችንን ለመስማት አጠገባችን አይቆይም።

አጋር ከሦራ ቤት ሸሽታ በምድረ በዳ ሳለች የሆነውን አስታውሱ (ዘፍጥረት 16)። አብራምና ሦራ ስለ እርሷ ሲነጋገሩ «ባሪያ» ከማለት በቀር ስሟን ሲጠሩ አናነብም። በስሟ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው፤ ጠርቷትም ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ወደ ቤት እንድትመለስ የሚለው ከባድ ቃል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርሷም የሚያያትን አምላክ አወቀች። ለሰዎች የምንናገረው ከባድ ቃል ሊኖር ይችላል፤ እንደ መልአኩ ግን አስቀድመን በስማቸው እንጥራቸው፣ እንጠይቃቸውም።

ለቡድን ውይይት

1. በእኛ ወጣቶች መካከል ሰው የማይወደው የቅጽል ስም የተሰጠው አለ? ከእኛ ጋር ሲሆን ምን ይሰማዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

2. ዳንኤል ብልጣሶር መባልን ታግሦ የንጉሡን ምግብ እምቢ አለ። እኛ ዛሬ የምንታገሠውንና እምቢ የምንለውን በምን እንለያለን?

3. ሐዋርያት ሥራ 8፥26-40ን አንብቡ። ፊልጶስ የተናገራቸውንና ያልተናገራቸውን ነገሮች በሁለት ዝርዝር ጻፉ።